ወገቤ ላይ የሰነበተው ሽጉጥ

ባለቤቴ ሱቁን እንሽጥ ያለው ሌባው በመጣ በሦስተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር የሚያየኝ። ሻይ ስቀዳ ያየኛል፣ ፀጉሬን ሳበጥር ያየኛል፣ ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስወጣ በመስኮት ያየኛል። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን እንኳን ሳያወልቅ፣ «ወይ ትታጠቂያለሽ፣ ወይ ሱቁ ይሸጣል» አለኝ።

ሱቁ ሲያትል ከተማ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ ሬይኒየር መንገድ ላይ ያለ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲያልፍ የሚተሻሽበት ጠባብ ቤት ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ በየማለዳው ትኩሱን የሚመጣልኝ እንጀራ፣ ከጀርባ ደግሞ ነጠላና የሕፃን ልብስ። ብዙ ዓመት የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው የከፈትኩት። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ እንግሊዝኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ ሰው ማወቁንም የተማርኩት ከዚያ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ነው። ሱቁ ይሸጥ ሲለኝ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይቀነስ ያለኝ ያህል ነበር የከበደኝ።

ስለ ሌባው ብዙ የሚወራ የለም። ታኅሣሥ ነበር፤ እዚህ በታኅሣሥ ከሰዓት በኋላ አራት ተኩል ሲል ይጨልማል። ሰዓቱን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። አንድ ወጣት ገባና ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ወገቡ ላይ ያለውን የሽጉጥ እጀታ አሳየኝ። መሳቢያውን ከፍቼ ያለውን ሰጠሁት። ሲወጣ ከመደርደሪያው አንድ ከረጢት ቆሎ አነሣ። እኔም በልማድ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ሁሉ እንደምለው፣ «ቴንክ ዩ፣ ከም አጌን» አልኩት። ልጁ በሩ ላይ ቆም ብሎ ዞሮ አየኝ፤ አፍሮ ይሁን ገርሞት እንጃ፣ ከዚያ ሄደ።

ይህችን ለባለቤቴ መንገር አልነበረብኝም። ሌባ መግባቱን ችሎ ሰማ። «ተመልሰህ ና አልሽው?» ሲለኝ ግን ድምፁ ሌላ ሰው ሆነብኝ።

እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ኦበርን በሚገኝ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ ይነዳል። ያኔ ሥራ የሚገባው ጠዋት አሥራ አንድ ላይ፣ የሚወጣው ማታ ስምንት ላይ ነበር። እኔም የምዘጋው ስምንት ላይ ነው። ስለዚህ የጨለማዎቹን ሰዓታት ብቻዬን ነኝ ማለት ነው። አብሮት የሚሠራ አንድ ሰው ሽጉጥ ይይዛል፤ ምክሩን ከሱ፣ ትምህርቱን ከስልኩ ቪዲዮ ወሰደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ልጁን ሊድር እንደሚያጣራ አባት፣ ሰባት ቤት ቆጠረ። ማን ሠራት፣ ስንት ጥይት ትጎርሳለች፣ ታላላቆቿ ምን ዓይነት ነበሩ፣ እርጥበት ትችላለች ወይ። በመጨረሻ አንዷን መረጠ። ፖሊስ ከሚታጠቃቸው አጠር ያለች፣ ኪስ ከሚገቡት ደግሞ ተለቅ ያለች፣ ኮምፓክት የሚሏት ናት። «ደግሞ ኦፕቲክስ ሬዲ ናት» ይለኛል፣ እራት ላይ ሁሉ። ምን ማለት ነው ስለው፣ «መነጽር አላት» አለኝ። እኔም መነጽር አለኝ ብዬ ሳህኑን አነሣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ሽጉጥ እያከራዩ የሚያስሞክሩበት የተኩስ መለማመጃ ወሰደኝ። የተቀበለችን አስተማሪ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ከትከሻዬ የማትበልጥ ሽበታም ሴት ናት። አውቶቡስ ሙሉ ሕፃን በመስታወት ብቻ እያየች ጸጥ ስታሰኝ መኖሯ ያስታውቃል። ባለቤቴ ስለ ሽጉጧ ሊያስረዳት ሲጀምር፣ የጆሮ መሸፈኛውን አንሥታ ጆሮው ላይ ገጠመችለትና ወደኔ ዞረች።

መጀመሪያ ሕጉን አስደገመችኝ። ሁልጊዜ ጥይት እንደጎረሰች ቁጠሪያት። ልትተኩሺ ካልሆነ ጣትሽ ከቃታው ይራቅ። ማጥፋት ወደማትፈልጊው ነገር አፈሙዙን አታዙሪ። እንደ ዳዊት ሦስት ጊዜ ካስደገመችኝ በኋላ ሁለት ሽጉጥ ፊቴ አስቀመጠች፤ አንዷ ባለቤቴ የመረጣት፣ ሌላዋ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ትንሽዬ።

ትንሿን ሳያት ወደድኳት። ስተኩሳት ግን እንደ በቅሎ ረገጠችኝ። የመጨረሻዋ ጣቴ የምትይዘው አጥታ አየር ላይ ቀርታለች። ትንሽ ሽጉጥ ለትንሽ ሰው የተሠራ ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ ለካ ተገላቢጦሽ ነው። ትንሿ ለመሸከም ትቀላለች፣ ለመተኮስ ግን ጌታዋን ታስቸግራለች።

ኮምፓክቷን ስጨብጥ ጣቶቼ በሙሉ ቦታ አገኙ። አቀባብዪ ስትለኝ አቀባበልኳት። ብዙ ሴቶች ላይኛውን ብረት መሳብ ያቅታቸዋል አለችኝ፤ እኔ ግን የጤፍ ጆንያ ከመኪና ሳወርድ የኖርኩ ነኝ። ቃታዋ መጀመሪያ ላላ ብሎ ይመጣል፣ አንድ ቦታ ላይ ግድግዳ እንደነካ ይቆማል፣ ከዚያ ነው የሚለቀው። ያንን ግድግዳ ጣቴ ካወቀው በኋላ ድንጋጤው ቀረልኝ። ስትተኮስ ትገፋለች እንጂ አትራገጥም።

ያስቸገረኝ ዐይኔ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ጫፏ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ ሳይ ኢላማው ይደበዝዛል፤ ኢላማውን ሳይ ማነጣጠሪያዋ ትጠፋለች። አሥር ጥይት ተኩሼ ወረቀቱ ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል።

ኦፕቲክስ ሬዲ የሚባለው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ላይኛው ብረቷ ላይ በሁለት ብሎን የታሰረች ስስ ክዳን አለች። ክዳኗ ስትነሣ በቦታዋ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መስታወት ትታሰራለች፤ መስታወቷ ውስጥ አንዲት ቀይ ነጥብ ትበራለች። ነጥቧን የምታዪው ነገር ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው፤ ቅርብና ሩቅ ማቀያየር የለም። ባለቤቴ ግን መስታወቷ አብራ የምትመጣ መስሎት ኖሯል። ሬዲ ማለት ቦታዋ ተዘጋጅቷል ማለት እንጂ፣ ራሷን ለብቻ መግዛት ነው ሲሉት ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ሙሽሪት ከነእናቷ እንደምትገባ የተነገረው ሙሽራ ዓይነት ነበር።

አስተማሪዋ መስታወት የታሰረባትን አምጥታ ሰጠችኝ። አምስት ጥይት ተኮስኩ። አምስቱም ቀዳዳ በስኒ ማስቀመጫ ይሸፈናል። ባለቤቴ ቀጠለ። አንዷ ጥይቱ ወረቀቱ የተንጠለጠለበትን መቆንጠጫ በጥሳ ኢላማው እንዳለ መሬት ወደቀ። አስተማሪዋ ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ «እጅ ሰጥቷል» አለችው።

ደስ አለኝ፤ ምን ያስዋሸኛል። ያን ቀን መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ፣ እያፏጨሁ።

ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር ሆነ። ለመግዛት ስንነሣ አስተማሪዋ ቀኑን ሙሉ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ክርስትና፣ ልቅሶ፣ ሰርግ፣ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ገና ነው፣ አትግዢ አለችኝ። ከመሳቢያዋ አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ሽጉጥ አወጣች፤ ርዝመቷም ውፍረቷም፣ የመስታወቷ ጉብታም ልክ የኮምፓክቷን ነው፣ አትተኩስም እንጂ። ሆድ ላይ ከሚጠመጠም ሰፊ የላስቲክ መታጠቂያ ጋር ሰጠችኝ። መታጠቂያውን ሳይ ሳቄ መጣ፤ ይህንን እኛ መቀነት እንለዋለን፣ እናቴ ቁልፏን የምትሸጉጠው እዚህ ውስጥ ነው አልኳት። አንድ ሳምንት ታጠቂያት፣ ከአልጋ ከወጣሽ ጀምሮ አልጋ እስክትገቢ፤ የገጠመሽን ጻፊ፤ ማንም ሰው ካወቀብሽ ፈተናውን ወድቀሻል አለችኝ። ሽጉጥ መያዝ ዋናው ነገር መተኮሱ አይደለም፤ አብሮ መዋሉ ነው ትላለች።

ባለቤቴ በዚህ ተስማማ። ሳምንቱን ካለፍኩ ሱቁ አይሸጥም፤ ካላለፍኩ ግን «ሱቅ የሚያሻሽጥ ሰው ኮል አደርጋለሁ» አለ።

ሰኞ የጻፍኩት ይኸውና፦ ጎንበስ ስል ወጋችኝ፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ገፋኋት። የመኪናው ቀበቶ ላይዋ ላይ ይመጣል። የሲያትል ዝናብ ጥሩ ነው፣ ጃኬት ለብሰው ቢውሉ ጠያቂ የለም። በርበሬ መዝኜ ማታ ሳወልቃት መስታወቷ ያለችበት ቦታ ቀልቷል፤ እውነተኛዋ ብትሆን ነጥቧን በዚህ ሁሉ ቅላት ውስጥ ማን ይፈልጋታል? ይህ ጥያቄ ለአስተማሪዋ።

ማክሰኞ ደግሞ እማማ መጡ። እማማ ሴንትራል ዲስትሪክት ከሚባለው ሰፈር በየማክሰኞው በአውቶቡስ የሚመጡ ደንበኛዬ ናቸው። ሱቁን የከፈትኩ ሳምንት ነው የተዋወቅነው። ቁመታቸው ከደረቴ በታች ስለሆነ ሲያቅፉኝ የሚያቅፉት ወገቤን ነው። ወገቤን አቅፈው ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርገውኝ፣ ከዚያ ነው እንዴት አደርሽ የሚሉት። ያን ቀን እጃቸውን ዘርግተው ሲመጡ ሁለቱንም አየር ላይ ቀለብኩና ጨበጥኳቸው። «ጉንፋን ይዞኛል፣ እማማ፣ እንዳላስይዝዎ» አልኩ። የጨበጥኩትን እጃቸውን አዩት። ለወትሮው ወንበር ስቤላቸው አውቶቡሳቸው እስኪመጣ ይጫወታሉ፤ ያን ቀን ሽሯቸውን ይዘው ዝናብ ላይ ወጡ።

ቅዳሜ ክርስትና ተጠራን። አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው። እንደምታውቁት እኛ ሰላም ስንል ከጉንጭ አንቀርም፤ ሴቱ እቅፍ፣ ወንዱ ትከሻ ለትከሻ። እኔ ግራ ክርኔን ወገቤ ላይ ጣል አድርጌ፣ ቀኝ እጄን ዘርግቼ፣ ለምርጫ እንደሚወዳደር ሰው ሁሉንም እየጨበጥኩ ዞርኩ። ምግብ ሳይቀርብ ሦስት ወሬ ተወለደ። አንዱ ኦፕሬሽን ሆናለች ይላል። ሁለተኛው አርግዛለች ይላል፤ በሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ እግዜር ሲሰጥ ይላሉ። ሦስተኛው ኮርታለች ነው። እማማ ከወዲያ ጥግ ሆነው ሁለተኛ ሊሞክሩ ተነሡ፤ አየኋቸውና ትሪ አነሣሁ። ትሪ የያዘ ሰው አይታቀፍም። እሳቸውም ተመልሰው ተቀመጡ።

ማታ ደብተሬ ላይ «ማንም አላወቀም» ብዬ ጻፍኩ። ፈተናውን ልጨርስ የቀረኝ አንድ ቀን ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ሲከፍት ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ሁለት አስታራቂዎች ቆመዋል፤ አንደኛው ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡት ጋሼ፣ ሁለተኛው ሥጋ ቤት የነበራቸው ሐጂ። ነጠላ ለብሰው ከኋላቸው የቆሙት እማማ ናቸው። ግቡ ሲባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ግን እምቢ አሉ።

«ነገራችንን ሳትሰሚ አንቀመጥም፣ ልጄ» አሉ ጋሼ። «ለእርቅ ነው የመጣነው።»

ማን ከማን ተጣላ ብዬ ጠየቅሁ። ሐጂ ወደ እማማ ዞረው፣ ይናገሩ አሏቸው። እማማ መሬት መሬት እያዩ ነው።

«አውቀሽብኛል» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እግሬን አሞኝ ነበር፣ ዝናብም ነበር። ጃክሰን መንገድ ላይ ካለው ሱቅ ሽሮ ገዛሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሽሮውም ሽሮ አልነበረም። በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ልጄ፣ በዚህ ፊት ትነሺኛለሽ?»

ልስቅ ነው ላለቅስ ነው እያልኩ ባለቤቴን አየሁት። እሱም ዐይኑን ወደ ጣራ ሰቀለ። ሁለት መንገድ ነበረኝ። ሽሮውን ይቅር ብያለሁ ብዬ ማቀፍ አልችልም፣ ጉብታዋ አለች። ሳላቅፍ ይቅር ብያለሁ ብል ደግሞ ማን ያምነኛል። ጃኬቴን ከፈትኩና ሰማያዊዋን ሽጉጥ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሐጂ ግን ጠጋ ብለው መነጽራቸውን አደረጉና፣ «ይቺ የልጅ መጫወቻ ናት ወይስ እኛን ልትጨርሺ ነው?» አሉ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሌባውን፣ ሱቁን፣ አስተማሪዋን፣ ሳምንቱን። የቆሙት ሁሉ ሳያስቡት ተቀመጡ።

እማማ ፕላስቲኳን በጣታቸው ገፋ አደረጓት።

«ሌባው ስንት ጊዜ መጣ?» አሉኝ።

«አንዴ።»

«እኔስ? እኔ በየማክሰኞው እመጣለሁ። ታዲያ ለማን ነው የምትዘጋጂው?»

ባለቤቴ መናገር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ቀና ብሎ አላየንም። መጋዘን ሲገባ ስልክ ሎከር ውስጥ ይቆለፋል አለ። ከጨለመ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ እኔ ልኑር ልሙት አያውቅም። ሎከሩን ከፍቶ ስልኩን እስኪያበራ ድረስ ያለችው ደቂቃ ናት የገደለችው። «ሱቁን ጠልቼ አይደለም» አለ። «ያቺን ደቂቃ መቻል አቅቶኝ ነው።» ሁለት ሳምንት ስለ ሽጉጥ ያወራኝ ሰው ይህችን አንዴም አልነገረኝም ነበር። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ግትር ነው ብዬ ነበር የተውኩት።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሽምግልና ሲገቡ ሁልጊዜ ጉሮሯቸውን ነው የሚጠርጉት።

«ሶ፣ ነገሩ የመሣሪያ አይደለም» አሉ። «ብቻዋን አትሁን ነው የምትለው?»

«አዎ።»

«ማለዳ የሚገባ ሽፍት የላችሁም?»

ንጋት አራት ሰዓት ላይ የሚገባ አለ፣ ግን ተራ አለው፣ እስከ መጋቢት ይቆያል አለ። ጋሼ ጣልቃ ገቡ። እኛ የቤተ መጻሕፍት ወንበር ላይ ጋዜጣ ይዘን ከመተኛት ሌላ ምን ሥራ አለን አሉ። ከሰዓት በኋላ ከአራት ተኩል እስከ መዝጊያ፣ አንድ ቀን እሳቸው አንድ ቀን ሐጂ፣ የባለቤቴ ተራ እስኪደርስ ሱቁ ውስጥ ይቀመጣሉ። ማክሰኞ የእማማ ነው። እኔም በበኩሌ መዝጊያዬን ከስምንት ወደ ሰባት አውርጄ እንድገባ ተፈረደብኝ። ከሥራ ሲመለሱ እንጀራ የሚወስዱ ደንበኞች አሉኝ ብዬ ተከራከርኩ። «ቀድመው ይደውሉ፣ ጋሼ ያደርሱላቸዋል፣ ታክሲ ነጂ አይደሉ» አሉ ሐጂ። ጋሼ ይህንን አልተስማሙበትም፣ ግን ፍርድ ፍርድ ነው። ባለቤቴም ሱቁ አይሸጥም ብሎ ቃሉን ሰጠ።

እማማ ተነሡና እጃቸውን ዘረጉ። ወገቤን አቅፈው ወዘወዙኝ፤ አንድ ሳምንት የቀረባቸውን ሁሉ አንድ ላይ ነው የወዘወዙኝ።

ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ አስተማሪዋ ጋ ሄድኩ። የበርበሬውን አነበብኩላት፤ መስታወቷን በየቀኑ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው፣ ወይም ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ዓይነት መፈለግ ነው አለችኝ፤ በርበሬ የሚባል ጠላት ከዚህ በፊት ገጥሟት አያውቅም። ክርስትናውንና ሽማግሌዎቹን ስነግራት ወንበሯ ላይ እስክትንፈራገጥ ሳቀች። ሌላው ሰው ከበደችኝ፣ ወጋችኝ፣ ታየችብኝ ብሎ ይመልሳታል፤ ለማቀፍ አልመች አለችኝ ያልሽ ግን አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ አለችኝ። ፕላስቲኳን መልሼላት፣ እውነተኛዋን ሳልገዛ ወጣሁ።

ዛሬም ስለዚያች ሽጉጥ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም፤ ወሬው ዞሯል። የማውቀውን ሳልደብቅ እነግራለሁ። እጅ ላይ ትቀመጣለች፣ ቃታዋ ልኩን ያሳውቃል፣ ዐይኑ ለደከመ ሰው ቀይዋ ነጥብ ትልቅ ነገር ናት፣ መስታወቷን ግን ለብቻ እንደምትገዛ ዕወቅ። ሳትገዛ በፊት ፕላስቲኳን አንድ ሳምንት ታጠቅ። እኔ ፈተና ላይ ወደቅሁ እንጂ እሷ አልወደቀችም።

የባለቤቴ ተራ መጋቢት ላይ ደረሰ። አሁን በንጋት ገብቶ ቀን ይወጣል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁ ፊት ለፊት ፓርክ ያደርጋል። ተራው ሲደርስ ጋሼና ሐጂ ተመስግነው ይሸኛሉ ብለን ነበር። በማግስቱ አራት ተኩል ላይ መጡ፣ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። ጨለማው ለቅቆ ቀኑ እስከ ማታ ዘጠኝ የሚበራበት ወር ገባ፤ እነሱ አሁንም አሉ፣ እማማ ደግሞ ከማክሰኞ ሌላ ሐሙስን ጨመሩ። ሌባ ቢመጣ እንኳን የስንት ሰው እግር ተሻግሮ ነው ባንኮኒው ጋ የሚደርሰው። ሰኔ ላይ የሱቁ የኪራይ ጊዜ ሲያልቅ የሕንፃው ባለቤት ውሉን ይዞ መጣ። ባለቤቴ ለአምስት ዓመት ፈረመ፤ ወረቀቱን ከመመለሱ በፊት፣ ሁለት ተጨማሪ ወንበር የሚያስገባ ቦታ እንዲሆን የኋላውን ግድግዳ መግፋት ይቻል እንደሆነ ጠየቀው።